ማክሰኞ ጠዋት የሚደርስ ደብዳቤ

ባለፈው ዓርብ እኔና ጋሽ ዘውዴ በአንድ ቀን ከሥራ ተሰናበትን። እሳቸው ስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ እኔ ሃያ ዘጠኝ። ሸማኔዎቹ «ሁለቱ ጡረተኞች» እያሉ ቀኑን ሙሉ ሳቁብን።

«እሳቸውስ እሺ ደክሟቸው ነው። አንቺ ምን ሠርተሽ ነው የደከመሽ? ጣትሽን ነው?» አሉኝ ጋሽ ዋሌ፣ ዓይናቸውን ከሸማቸው ሳያነሱ፣ መወርወሪያቸውን ከግራ ወደ ቀኝ እየላኩ።

ያን ቀን ስቄ አለፍኩ። አሁን ልመልስ። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በየሳምንቱ ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ ቁስቋም በሚወጣው አቀበት ላይ ካለች አንዲት የሽመና ቤት ለደንበኞቿ ኢሜይል ስጽፍ ኖሬአለሁ። ሥራዬ ይኼው ነበር። ሰው ሲሰማ ይገርመዋል። «ኢሜይል ደግሞ ማን ያነባል? ሁሉም ቴሌግራም ላይ አይደል እንዴ?» ይለኛል። ቴሌግራም ላይ የለጠፍነው እስከ ማታ ድረስ በሌላ መቶ ነገር ይሸፈናል። ቢሮ የሚሠራ ሰው ግን ጠዋት ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መጀመሪያ የሚከፍተው ኢሜይሉን ነው። አለቃው ከላከለት ደረቅ ትእዛዝ ሥር የእኛን ደብዳቤ ሲያገኝ ፊቱ ይፈታል። እኔ የሠራሁት ለዚያች ለምትፈታ ፊት ነው።

ያደግኩት አዲሱ ገበያ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስጨርስ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ አላስገባኝም። ግጥም ግን እጽፍ ነበር፤ በደብተር ጀርባ፣ በታክሲ ውስጥ፣ ወረፋ በቆምኩበት ሁሉ። ያስተማረኝ ሰው የለም። የመጀመሪያ ሥራዬ ጳውሎስ አካባቢ ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት ነበር። የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ በኮምፒውተር እየጻፍኩ፣ በመሀል ለሠርግ ካርድ ግጥም እገጥም ነበር። ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ዕቃ አስመጪ ድርጅት ነው። እዚያ ኢሜይል መላክን ተማርኩ፤ እንዴት እንደማይላክም ጭምር። አለቃዬ ቃለ አጋኖ ይወዱ ነበር። በየሰኞው «የመጨረሻ ዕድል!!!» እያልን እንልካለን። አንድ ደንበኛ «ይቅርታ፣ ይኼ ስንተኛው መጨረሻ ነው?» ብሎ መለሰልኝ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። አለቃዬ ሳቄን አልወደዱትም። በስምንተኛው ወር ወጣሁ።

የሽመና ቤቷ ባለቤት እትዬ አስካለ ናቸው። ከእናቴ ጋር ነጠላ ልንገዛ ሄደን፣ ባንኮኒው ላይ አንድ ወፍራም መዝገብ አየሁ። ለዓመታት የገዛ ሰው ሁሉ ሙሉ ስሙን፣ ስልኩንና ኢሜይሉን አስፍሮበታል።

«እትዬ፣ ይኼ ሁሉ አድራሻ ምን ይሠራል?»

«ይቀመጣላ።»

«እኔ ልጻፍላቸው?»

«ምን ብለሽ?»

«እየጻፍኩ አየዋለሁ» አልኩ። ቀጠሩኝ። ደመወዙ ለታክሲና ለቤት ኪራይ መዋጮ ይበቃል፤ ውላችን አንድ ገጽ ነበር። የቀጠሩኝ ግን ለጽሑፍ ባላቸው ፍቅር አልነበረም። ሸማኔ እግሩን ከትቶ ከሚሠራባቸው ስድስት የሸማ ጉድጓዶች ሁለቱ ሥራ ፈትተው የከረጢት ማስቀመጫ ሆነዋል። ገበያውን የፋብሪካ ጨርቅ ወስዶታል፤ ጥለቱ የታተመበት፣ ከሩቅ ሲያዩት ከእጅ ሥራ የማይለይ። አንድ ነጋዴ እትዬ አስካለን ሽመናውን ትተው የእሱን ጨርቅ እንዲሸጡ እየወተወታቸው ነው።

«እስከ ሰኔ እይሻለሁ» አሉኝ። «ደብዳቤሽ ትእዛዝ ካመጣ ጥሩ። ካላመጣ ጉድጓዶቹን እደፍናለሁ። እነ ዋሌንም አሰናብታለሁ። እኔም ደክሞኛል ልጄ።»

ይኼን ሲሉ ጋሽ ዋሌ ይሰሙ ነበር። መወርወሪያው ለአንድ አፍታ ቆመ፤ ከዚያ ቀጠለ።

ጋሽ ዘውዴን ያገኘኋቸው በአራተኛው ቀን ነው። የክርና የጨርቅ መጋዘኑ ኃላፊ ነበሩ። ከዚያ በፊት ግን ሠላሳ ዓመት ያህል ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ኮምፒውተር ሥራውን ሲወስድባቸው ወደ እትዬ አስካለ መጡ። የመጀመሪያ ደብዳቤዬን ላሳያቸው ሄድኩ። ስለ ጥጥ የተገጠመ፣ ቤት የሚመታ፣ ሦስት ገጽ የሚሞላ ነገር ነው። ሦስት ቀን ደክሜበታለሁ። መነጽራቸውን አድርገው ከዳር እስከ ዳር አነበቡት።

«ቆንጆ ነው» አሉ።

«አመሰግናለሁ ጋሼ።»

«እና ምን ላድርግ?»

«ማለት?»

«አነበብኩ። ቆንጆ ነው። አሁን ምን ላድርግ? ልነሳ? ልቀመጥ? ላልቅስ?»

ከዚያ ወረቀቱን ሦስት ቦታ አጠፉትና የላይኛው ክፍል ብቻ እንዲታይ አድርገው ፊቴ ላይ ያዙት። «ዳኛ ማመልከቻ የሚያነበው ለምሳ ሊወጣ ሲል ነው። ይቺን ታህል ነው የሚያየው። ከዚህች ውስጥ ማን እንደጻፈው፣ ምን እንደሆነ፣ ምን እንደፈለገ ካላወቀ ገልብጦ ያስቀምጠዋል።» ስልኬን አወጣሁ። ኢሜይል ሳይከፈት ስልክ ላይ የሚታየው የላኪው ስም፣ ርዕሱና የመጀመሪያው መስመር ነው። ልክ የጋሽ ዘውዴ እጥፋት ያህል። ሰውየው ኢሜይል የሚባል ነገር ከፍተው አያውቁም፤ ግን ከእኔ በላይ ያውቁታል።

ከዚያ ወዲህ ደብዳቤዬን ሁሉ መጀመሪያ በወረቀት አትሜ ወደ መጋዘን ይዤ እሄድ ነበር። ብርቱካናቸውን እየላጡ ያጥፉታል። ላዩን ያያሉ። «አልከፍተውም» ካሉ እመለሳለሁ። ልማዳቸው ብዙ ነው። በአንድ ደብዳቤ አንድ ጉዳይ፤ ሁለት ነገር የለመነ ሰው አንዱንም አያገኝም ይላሉ። ልመናው ከሦስተኛው መስመር ማለፍ የለበትም። ከመላኩ በፊት የአምስት ተቀባይ ስም ከነሰላምታው ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ «ስም የተሳሳተበት ማመልከቻ የሌላ ሰው ማመልከቻ ነው» ስለሚሉ። ከሁሉ የምወደው ግን ይኼን ነው፤ ባለጉዳይ ሲመጣላቸው ብዕር ሳያነሱ ታሪኩን ሦስት ጊዜ ያስነግሩት ነበር። «አንደኛው ለንዴቱ ነው፤ ይናገር። ሁለተኛው ለእንባው ነው፤ ያልቅስ። ሦስተኛው ላይ ጉዳዩ ይመጣል። እኔ የምጽፈው ሦስተኛውን ነው።»

ግጥሜን አስቀመጥኩ። የመጀመሪያው ጥሩ ደብዳቤዬ ርዕስ «ነጠላዎ እንዳይሸበሸብ» የሚል ነበር። እንዴት እንደሚታጠብ፣ ለምን እንደማይጨመቅ፣ ለምን ጥላ ላይ እንደሚሰጣ ከጋሽ ዋሌ ጠይቄ በአሥር መስመር ጻፍኩት። እንዲህ ያለ ተራ ነገር መጻፍ ለገጣሚ ውርደት መስሎኝ ነበር። እስከዚያ ድረስ ከላክኋቸው ሁሉ በላይ መልስ ያመጣው እሱ ሆነ። አንዷ «አሥር ዓመት ሙሉ ስጨምቅ ኖሬ!» ብላ ጻፈችልኝ። ትእዛዝ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ጠብ ጠብ ግን ጉድጓድ አይሞላም፤ ፋሲካ አልፎ ግንቦት ገባ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

እስከዚያ ጊዜ ድረስ የየሰዉን ስም በእጄ እያስገባሁ ነበር የምልከው። ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል፤ እኔ ደግሞ ትዕግሥት የለኝም። ስም በራሱ የሚያስገባ ፕሮግራም አገኘሁ። ፕሮግራሙ ስምን ለሁለት ከፍሎ ይቀበላል፤ የራስ ስምና «የቤተሰብ ስም»። የትኛውን ልጥራ ብሎ ጠየቀኝ። ለሥራዬ ስል ያጠናኋቸው የውጭ ድርጅቶች ደብዳቤዎች በአክብሮት ሲጠሩ የሚጠሩት በሁለተኛው ነው። እኔም አክብሮት መሰለኝ። ማንም ሰው እዚህ አገር በአባቱ ስም አይጠራም። ይኼን የአምስት ዓመት ሕፃን ያውቀዋል። እኔ ያን ቀን አላውቀውም ነበር።

ደብዳቤው ስለ ሠርግ ወቅት ነው፤ ፈካ ያለ፣ የሚስቅ። ጋሽ ዘውዴ ለዓይናቸው የሐኪም ቀጠሮ ነበራቸው፤ መጋዘኑ ተዘግቷል። አምስቱን ስም ጮክ ብሎ የሚያስነብበኝ አልነበረም። ሦስት ሰዓት ላይ ላክሁት። ለአራት መቶ ያህል ሰው።

መጀመሪያ የመጣው ሳቅ ነው። «አባቴ ደብዳቤውን አይቶ ሱፉን እያስተኮሰ ነው፣ መቼ ይምጣ?» ያለ ነበር። አንድ ሽማግሌ ደግሞ የልጃቸውን ስልክ ይዘው አቀበቱን ወጥተው መጡ። «ጠራችሁኝ፤ ይኸው መጣሁ። ምን ልትሰጡኝ ነው?» አሉ። እትዬ አስካለ ግራ ገብቷቸው ለስላሳ ከፈቱላቸው።

ከዚያ ይኼ መጣ። የላከችው ሰብለ ታፈሰ የምትባል፣ ጳውሎስ አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ ደንበኛችን ናት።

«"ውድ ታፈሰ፣ አምረው የሚታዩበት ቀን ደርሷል፤ እኛ ዘንድ ብቅ ይበሉ" ብላችሁ ጽፋችሁልኛል። ታፈሰ አባቴ ነው። አርባውን ካወጣን ሳምንት አልሞላም። ከየት ነው ብቅ የሚለው?»

ወንበሬ ላይ እንዳለሁ ቀረሁ። እትዬ አስካለ በትከሻዬ ላይ አንብበውት ነበር።

«የሞተ አባቷን ጠራሽባት» አሉ። አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። «በቃ። ይኼ ኢሜይል የሚሉት ነገር ይቅር። ሰኔንም አልጠብቅም። የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ነጋዴውን ጠርቼ እስማማለሁ።»

ከመጋረጃው ወዲያ አራቱም መወርወሪያዎች ቆሙ።

በማግሥቱ ጋሽ ዘውዴ መጋዘናቸውን ሲከፍቱ በሩ ላይ አገኙኝ። ነገርኳቸው። ፕሮግራሙን ረገምኩ፣ ፈረንጅን ረገምኩ፣ የእሳቸውን ቀጠሮም ሳልረግም አልቀረሁም። «ድገሚው» አሉ። ስደግመው አለቀስኩ። ብርቱካን ልጠው እኩሌታውን ሰጡኝ። «አሁን ሦስተኛውን።»

«የሞተ ሰው ስም ጠርቼ ልጁን አሳዘንኩ» አልኩ።

«ምን እንድትልሽ ትፈልጊያለሽ?»

«ይቅር ብዬሻለሁ እንድትለኝ።»

«እሱ ላንቺ ነው። ለእሷስ?»

ብርቱካኑን ትቼ ቀና ብዬ አየኋቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ይኼ ማመልከቻ አይደለም። የሰው አባት ሞቶ፣ እናንተም ሰምታችኋል። የሰማ ሰው ምን ያደርጋል?»

ለቅሶ ይደርሳል። ሌላ ምን ያደርጋል!

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዳቦ አስጋግረን፣ ቤቷን ከፋርማሲው ጠይቀን አራታችን ሄድን። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ጥለቱን ወደ አንገታቸው አዙረው፣ ጋሽ ዘውዴ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ጋሽ ዋሌ ታጥበው፣ እኔ ከሁሉም ኋላ። ሰብለ በሩን ከፍታ ማን እንደሆንን ስትሰማ ለአፍታ አየችኝና «ጸሐፊዋ አንቺ ነሽ?» አለች። ራሴን ነቀነቅሁ። «ግቡ» አለች።

ተቀመጥን። ነፍስ ይማር አልን። ጥግ ላይ አንድ ባዶ ወንበር ነበር፤ በላዩ ላይ የታጠፈ ጋቢ። ጋሽ ዋሌ ዓይናቸውን ከሱ ላይ መንቀል አቃታቸው። በመጨረሻ «ልንካው?» ብለው አስፈቀዱ። ጠርዙን በሁለት ጣታቸው ያዙ።

«ይኼ የኔ እጅ ነው።»

«በምን አወቁ?» አለች ሰብለ።

«ጠርዙ ላይ ሁለት ድር እደርባለሁ። አባቴ እንደዚያ ነበር የሚሠራው። እዚህ ሰፈር ሌላ ሰው አያደርገውም። አሥራ ስምንት ዓመት ይሆነዋል።»

«ከትዳርሽ በላይ ዕድሜ አለው ይለኝ ነበር» አለች ሰብለ፤ ፊቷ ላይ ሳቅም እንባም መጣ። «እግር ኳስ በሬዲዮ ሲሰማ ግብ ሲገባበት ጋቢውን ወዲያ ይጥለዋል። የእሱ ቡድን ሲያገባ አንስቶ መልሶ ይለብሰዋል። እናቴ "ይኼ ጋቢ ነው ወይስ ዳኛ?" ትለው ነበር።»

ሁላችንም ሳቅን። የለቅሶ ቤት ሳቅ አንዴ ከመጣ ማቆሚያ የለውም።

ስንነሳ በሩ ላይ ያዘችኝ። «ደብዳቤሽን ሳየው በጣም ነው የተናደድኩት» አለችኝ። «በኋላ ግን ከፍቼ ደግሜ አየሁት። ካለፈ ወዲህ ሁሉም "ነፍስ ይማር" ነው የሚለው፤ ስሙን የሚጠራ ሰው አልነበረም።»

«ስለ ጋቢው ልጻፍ?» አልኳት። ይኼን ለማለት ድፍረቱን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

አሰበች። «ጻፊ። ግን በሥርዓቱ። አቶ ታፈሰ ነው የሚባለው፤ "ውድ ታፈሰ" አይደለም፤ ጓደኛሽ አይደለም።»

መንገድ ላይ እትዬ አስካለ አንድ ቃል ተናገሩ፤ «አንድ ደብዳቤ። ከዚያ ሐሙስ ነው።»

እሑድን ሙሉ ጻፍኩ። ሰኞ ጋሽ ዘውዴ አራት ጊዜ መለሱብኝ። በአምስተኛው አጠፉት፣ ላዩን አዩ፣ ዝም ብለው ከፈቱት። ርዕሱ «የአቶ ታፈሰ ጋቢ» ነው። ለሰብለ የሄደው መጀመሪያው እንዲህ ይላል።

«ሰብለ፣ ባለፈው ማክሰኞ ሁላችሁንም በስማችሁ ፈንታ በአባታችሁ ስም ጠርተን አሳዝነናችኋል፤ ይቅርታ። ጥፋታችን ግን ወደ አንድ አባት ጋቢ መራን፣ ታሪኩን በፈቃድ እንነግራችኋለን። አባታችሁ ወይም እናታችሁ ካሉ፣ ዛሬ ስማቸውን ብቻ ጻፉልን፤ ጋሽ ዋሌ ጋቢያቸውን ይጀምራሉ።»

ቀጥሎ ሬዲዮው፣ ግቡ፣ ጠርዙ ላይ የተደረቡት ሁለት ድሮች ነበሩ። ግጥም አልነበረበትም፤ አንድም ቃለ አጋኖ የለውም። እያንዳንዱ ሰው በገዛ ስሙ ተጠራ። በዚህ ጊዜ አምስት ስም ብቻ አላነበብንም። እኔና ጋሽ ዘውዴ አራት መቶውንም ጮክ ብለን አነበብናቸው፤ ሸማኔዎቹ በየስሙ «አቤት!» እያሉ ሲቀልዱብን።

ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ላክሁት። ለሩብ ሰዓት ምንም አልመጣም። ከዚያ አንድ ስም መጣ፤ «አበበች። እናቴ ናት። ብርድ አይስማማትም።» ከዚያ ሌላ። «ጋሽ በቀለ፣ አጎቴ ነው ግን ያሳደገኝ እሱ ነው፣ ይሆናል?» ከዚያ እየተከታተለ ገባ። እትዬ አስካለ ከባንኮኒው ተነስተው መጥተው ከኋላዬ ቆሙ።

«ይኼ ሁሉ ምንድነው?»

«አባቶችና እናቶች ናቸው እትዬ።»

መዝገባቸውን አምጥተው አጠገቤ ተቀመጡና ስም መጻፍ ጀመሩ። እስከ ረቡዕ ማታ ድረስ የአራቱ ሸማኔዎች የክረምት ሥራ በሙሉ ተይዞ ነበር።

ሐሙስ ነጋዴው የጨርቅ ናሙና በሻንጣ ይዞ መጣ። እትዬ አስካለ ቀና ብለው አላዩትም።

«እንዴት ነው ነገራችን?» አላቸው።

«የኔ ወንድም፣ ጊዜ የለኝም» አሉ። «የሰው አባት እየመዘገብኩ ነው። ይልቅ እነዚያን ከረጢቶች ከጉድጓዱ ውስጥ የሚያወጣ ጉልበተኛ ታውቃለህ?»

ጋሽ ዋሌ ከመጋረጃው ወዲያ እንደ ልጅ ሳቁ። ከረጢቶቹን ራሳቸው አወጧቸው፤ ነጋዴውም ሲያልፍ አንዱን ያዘላቸው። በሳምንቱ ስድስቱም ጉድጓዶች ሥራ ያዙ። ዛሬ ዘጠኝ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የድል ዓመታት ናቸው፤ ድል ደግሞ ለመተረክ አይመችም። በየማክሰኞው ጻፍኩ። አልፈልግም ያለኝን በዚያው ቀን ከዝርዝሩ አወጣሁ፤ የመለሰልኝን ሁሉ በዚያው ቀን መለስኩ። ፎቶ ቀነስኩ፤ ኔትወርክ ሲደክም ፎቶ የሞላበት ደብዳቤ ነጭ ገጽ ሆኖ ይቀራልና። ሰብለ አንድም ደብዳቤ አላመለጣትም፤ አንዳንዴ ስሕተቴን አርማ ትልክልኛለች። አሁን አዲሱ ገበያ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ለሌሎች ልጽፍ ነው። የመጀመሪያ ደንበኛዬ ጎሚስታ ቤት ነው። ባለቤቱ «ስለ ጎማ ምን ይጻፋል?» ሲለኝ «ሦስት ጊዜ ንገረኝ» አልኩት።

ዓርብ ዕለት፣ ሁላችንም ስንሰነባበት፣ ጋሽ ዘውዴ መጋዘናቸውን ሊቆልፉ ሲሉ አንድ ወረቀት ሰጠኋቸው።

«የመጨረሻው ነው ጋሼ። ያጥፉልኝ።»

«ለስንት ሰው ነው?»

«ለአንድ።»

መነጽራቸውን አደረጉ። በልማዳቸው ሦስት ቦታ አጠፉት። ላዩ ላይ «ጋሽ ዘውዴ» ይላል። ከፈቱት፤ ቆመው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ከዚያ እንደገና አጠፉት፣ እንደገና ላዩን አዩት፣ በጣታቸው መስመር ቆጠሩ።

«ሦስተኛው መስመር ላይ አስገብተሽዋል» አሉ።

ሦስተኛው መስመር «እባክዎ ይኼን ጋቢ ይልበሱ» የሚል ነበር።

ጋሽ ዋሌ ከኋላቸው መጥተው ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉላቸው። ጋሽ ዘውዴ ጠርዙን ይዘው ሁለቱን ድሮች በጣታቸው ፈለጓቸው፤ አገኟቸውም። ከመጋረጃው ወዲያ የቀሩት ስምንት መወርወሪያዎች ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ።